የሞተ የዝንብ ትል ለመንጠቆ፦ የአንባቢ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ነህ? እኔ ባህር ዳር ነኝ፣ እሁድ እሁድ ጣና ዳር ወርጄ በመንጠቆ አሳ እይዛለሁ፣ ለመዝናናት እንጂ ለንግድ አይደለም። እንግሊዝ አገር ያለ የአክስቴ ልጅ እዛ አጥማጆች የዝንብ ትል ገድለው ነው መንጠቆ ላይ የሚሰኩት አለኝ። እኔ እስከዛሬ የመሬት ትልና ሊጥ ነው የምጠቀመው። ከነነፍሱ የሚንቀሳቀሰው አይሻልም ወይ? ለምን ይገድሉታል? አዘገጃጀቱስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአክስትህ ልጅ እውነቱን ነው። እዛ የዝንብ ትል የአጥማጅ እቃ ሱቅ ውስጥ በፓይንት እየተሰፈረ ነው የሚሸጠው፣ አንድ ፓይንት ከግማሽ ሊትር ትንሽ ይበልጣል፣ ነጩም አለ ቀይ የተቀባውም አለ።

የሚንቀሳቀሰው ውሃው መሃል ላይ ስታንሳፍፈው ጥሩ ነው፣ አሳው ያየዋል። ችግሩ ወለሉ ላይ ሲያርፍ ነው። ህይወት ያለው ትል ጭቃ ሲያገኝ ሰርስሮ ይገባል፣ አሳው ሲመጣ ምንም የለም። የጣናን ወለል ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ወንዞቹ በየክረምቱ ደለል እያመጡ የሚያራግፉበት ነው። የሞተው ግን ከወደቀበት አይነቃነቅም፣ አሳው እስኪያገኘው እዛው ይጠብቃል፣ ለስላሳም ስለሆነ ቶሎ ይዋጣል። ሌላው ደግሞ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ አርሰህ፣ ትል ቀላቅለህበት፣ እንደ ኳስ አድቦልቡለህ አሳ ለመሰብሰብ ስትወረውር ህይወት ያለው ትል እየተላወሰ ኳሷን አየር ላይ ይበትናታል፣ የሞተው አይበትናትም።

ለኛ አገር ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ምክንያት አለ፣ እሱም ዝንቡ ራሱ ነው። የሞተ ትል ዝንብ አይሆንም። ትራኮማ ክልላችንን ምን ያህል እንደጎዳው፣ ዝንብም በሽታውን ከህፃን አይን ወደ ህፃን አይን እንደሚያመላልስ እያወቅን በግቢያችን ዝንብ ማርባት ነውር ነው። ስለዚህ ትሉን ከሰው ቤት ርቆ ከተጣለ የስጋ ትራፊ ላይ ብቻ ሰብስብ፣ ሽንት ቤት አካባቢ ያለውን በጭራሽ አትንካ፣ ቢበዛ በማግስቱ ሁሉንም ግደል፣ አንድም እንዳይቀር።

ስትመርጥ ትሉን ብርሃን ላይ አይተህ ነው፣ ቆዳው ስር ጥቁር ነጥብ ከታየ ትኩስ ነው ማለት ነው፣ የበላው ምግብ ነው እሱ። ነጥቡ ከጠፋ ወደ ሙሽሬነት (ዝንብ ከመሆኑ በፊት ወዳለው ደረጃ) ሊቀየር ደርሷል፣ ቆዳውም ይጠነክራል፣ ተወው። የመረጥከውን በወንፊት ነፍተህ ክዳን ባለው እቃ ፉርሽካ ውስጥ አሳድረው፣ ይጠራል ሽታውም ይቀንሳል። ክዳኑን ቀዳዳ ቀዳዳ አድርገው ግን ቀዳዳው ትሉን የማያሳልፍ ይሁን።

አገዳደሉ ቀላል ነው። ፉርሽካውን ነፍተህ ታወጣና ትሉን ባልዲ ውስጥ ታደርጋለህ፣ የፈላ ውሃ ትሉን ሸፍኖ ሶስት አራት ጣት ከፍ እስኪል ታፈስበትና በእንጨት ታማስላለህ፣ በሰከንዶች ውስጥ ተዘርግቶ ይሞታል፣ ወዲያው አጥልለህ ቀዝቃዛ ውሃ ታፈስበታለህ። ምኑም የሚከብድ ነገር የለውም። የእንግሊዞቹ ምክር ውሃው ከፈላ በኋላ ትንሽ ይብረድ ነው፣ ባህር ዳር ግን ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፣ ብዙ መጠበቅ የለብህም። ብቻ እሳት ላይ እንዳታንተከትከው፣ የምንፈልገው መግደል ነው እንጂ መቀቀል አይደለም። ባልዲውም ማማሰያ እንጨቱም ለዚህ ብቻ ይሁን፣ እጅህን በሳሙና ታጠብ።

ስትሰካ ደፍደፍ ባለው ጫፍ በኩል ነው። እዛ ጫፍ ላይ አይን የሚመስሉ ሁለት ነጥቦች አሉ፣ አይን አይደሉም፣ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች ናቸው፣ ጭንቅላቱ በሹሉ በኩል ነው ያለው። ቆዳውን ብቻ ቆንጠጥ አድርገህ አሳልፍ፣ በጥልቀት ከወጋኸው ውስጡ ፈሶ ባዶ ቆዳ ነው የሚቀርልህ። ነጭ አሳና ቆሮሶ ለመሞከር ትንሽ መንጠቆ ላይ ሁለት ሶስት ትል ይበቃል፣ ከነጭ አሳ ዝርያዎች ውስጥ ወለል ላይ የነፍሳት እጭ እየለቀመ የሚበላ ስላለ በሱ ተስፋ አለኝ። ትልቁ ቆሮሶ አብዛኛው ምግቡ አልጌ ነው፣ ከሱ ብዙ አትጠብቅ። ለአምባዛ ትንሽ መንጠቆ አይሆንም፣ ያጥፈዋል፣ ጠንካራውን መንጠቆ ይዘህ ትሉን ደርድረህ ሙላው። አምባዛ እያሸተተና በሪዙ እየዳሰሰ ማታ የሚያድን አሳ ነው፣ አንተ ግን በሱ ብለህ አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ እንዳታመሽ፣ ጉማሬው ማታ ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል።

አንድ ነገር ልለምንህ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የወንዝ አፍ ላይ፣ ለምሳሌ ግልገል አባይ መግቢያ ላይ፣ መንጠቆ አትጣል። ነጭ አሳው እንቁላል ሊጥል የሚሰበሰበው ያኔ ነው። ጣና ውስጥ ያሉት ወደ 15 የሚጠጉ የነጭ አሳ ዝርያዎች አብዛኞቹ ሌላ የትም የማይገኙ ናቸው፣ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገባ ወዲህ ደግሞ በጣም ተመናምነዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ፣ ፍሪዘር ውስጥ አድርጎ መግደልስ ይቻላል? ስንት ጊዜስ ይቆያል?

መልስ፦ ይቻላል እህቴ። ከነህይወቱ ፌስታል ውስጥ አድርገሽ አየሩን አስወጥተሽ አስረሽ፣ ስስ አድርገሽ አስተኝተሽ ታስገቢዋለሽ። በረዶ ሆኖ እስካለ ይቆያል፣ ከቀለጠ በኋላ ግን አየር ሲያገኘው ቶሎ ይጠቁራል፣ ስለዚህ ለዛ ቀን የሚበቃሽን ብቻ አውጥተሽ ውሃ ውስጥ ነክረሽ ያዢ። መብራት በየጊዜው የሚጠፋበት ሰፈር ከሆንሽ ግን የፈላ ውሃው ይሻልሻል፣ እየቀለጠ እየጠነከረ የከረመ ትል ይበሰብሳል። ምግብ ካለበት ፍሪዘር ውስጥም ባይገባ ነው የምመርጠው። የተረፈውን ውሃ ዳር አትድፊው፣ በበሰበሰ ስጋ ላይ ያደገ ትል ዶሮን ሊገድል ስለሚችል ለዶሮም አትስጪ፣ ጉድጓድ ቆፍረሽ ቅበሪው።