ፋይሌ ለምን ነጭ ወረቀት ሆነ? የአይከን ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ ወዲህ እንደ «ፋይሌ ጠፋ» አድርጎ የሰለቸኝ ቃል የለም። አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም፤ መልኩ ነው የተቀየረው። ስለ አይከን፣ ማለትም ፋይሉን ስለሚያሳየው ትንሽ ሥዕል፣ ጠይቁኝ ብዬ የመጡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። የማወራው በብዛት ስለ ዊንዶውስ 10 እና 11 ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የወርድ ዶክመንቶቼ በሙሉ አይከናቸው ነጭ ወረቀት ሆነ። ስነካቸው ግን በትክክል ይከፈታሉ። ቫይረስ ነው?

አይ፣ አትደንግጥ። አይከኑ እኮ ፋይሉ ውስጥ የለም። ዊንዶውስ የፋይሉን ስም መጨረሻ ነው የሚያየው፤ ከነጥቧ በኋላ ያሉትን ፊደላት። ኤክስቴንሽን የምንላቸው ናቸው። ድሮ የወርድ ፋይል «ዶክ» ብሎ ያበቃ ነበር፤ ከ2007 ወርድ ጀምሮ «ዶክ-ኤክስ» ሆነ። ዊንዶውስ እሱን አይቶ «ይሄን የሚከፍተው ማነው?» ይላል፤ ከዚያ ፕሮግራም ሥዕሉን ወስዶ ይለጥፋል። ሁልጊዜ እየሄደ እንዳያመጣ ደግሞ ሥዕሎቹን አንድ ቦታ አጠራቅሞ ያስቀምጣል። ያንተ የተበላሸው ይሄ ማጠራቀሚያ ይመስለኛል፤ ፋይሉ ከተከፈተ ከፋችው አለ ማለት ነው።

መጀመሪያ ሪስታርት አድርገው። እየቀለድኩ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ በዚሁ ያልቃል። ካልሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫንና ታስክ ማናጀርን ክፈት። «ዊንዶውስ ኤክስፕሎረር» የሚለውን ፈልገህ ራይት ክሊክ፣ ከዚያ «ሪስታርት»። ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ይመለሳል።

አሁንም ነጭ ከሆነ ማጠራቀሚያውን ራሱን እናጥፋው። ሲ ድራይቭ፣ ዩዘርስ፣ ያንተ ስም፣ አፕዴታ፣ ሎካል፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ኤክስፕሎረር። አፕዴታ የተደበቀ ፎልደር ስለሆነ «ቪው» ውስጥ ገብተህ (በዊንዶውስ 11 ከዚያ «ሾው» ብለህ) «ሂደን አይተምስ» ላይ ምልክት አድርግ። እዚያ ስማቸው «አይከንካሽ» ብሎ የሚጀምሩትን ደልት። አንዳንዶቹ ሥራ ላይ ነን ብለው እምቢ ይላሉ፤ ኤክስፕሎረርን እንደገና ሪስታርት ብለህ ቶሎ ሞክር። ብታጠፋቸው ምንም አትጎዳም፣ ዊንዶውስ ራሱ እንደ አዲስ ይሠራቸዋል።

ጥያቄ፦ የእኔ ደግሞ ነጭም ነው፣ አይከፈትምም። ሌላ ነፃ የቢሮ ፕሮግራም ጭኜ ነበር፣ ከዚያ አጠፋሁት።

ምክንያቱን ራስሽ ተናገርሽው እህቴ። ያ ፕሮግራም ሲገባ «ከዛሬ ጀምሮ ዶክመንት የምከፍተው እኔ ነኝ» ብሎ ቦታውን ያዘ። ሲወጣ ቦታውን ለወርድ አልመለሰም። አንዱ ፋይል ላይ ራይት ክሊክ፣ «ኦፕን ዊዝ»፣ ከዚያ «ቹዝ አናዘር አፕ»። ወርድን ምረጪና «ኦልዌይስ» የሚለውን አትርሺ። እሱን ከዘለልሽው የሚሠራው ለዚያች አንዴ ብቻ ነው። አንዱን ስታስተካክዪ ሌሎቹም አብረው ይስተካከላሉ። የኤክሴልና የፓወርፖይንት ፋይሎች ግን የየራሳቸው ኤክስቴንሽን ስላላቸው ለየብቻ ይደገምላቸው።

ጥያቄ፦ ሲቪዬን በፒዲኤፍ ላኪ ስባል ስሙን ቀይሬ መጨረሻው ላይ ፒዲኤፍ ብዬ ጻፍኩ። አይከኑ ፒዲኤፍ ሆነ፣ ግን አይከፈትም።

የበርበሬ ጆንያ ላይ «ጤፍ» ብሎ እንደ መጻፍ ነው። ስሙን ወደ ነበረበት መልሺው፣ ሲቪሽ ደህና ነው። ከዚያ በወርድ ክፈቺና «ሴቭ አዝ» ብለሽ ዓይነቱን ፒዲኤፍ አድርጊ። ለቀጣሪው ሳትልኪ በፊት ከፍተሽ እይው ደግሞ።

ጥያቄ፦ ፍላሼን ማተሚያ ቤት ሰክቼ ነበር። አሁን ውስጡ ያለው አንድ አይከን ብቻ ነው፣ ጥጉ ላይ ቀስት ያለው። ፋይሎቼስ?

አትንካው! ይሄኛው ቫይረስ ነው።

አንዲት ተመራቂ ተማሪ ልክ እንዲህ ሆና መጣችልኝ። መመረቂያ ጽሑፏ ያለበት ፍላሽ ውስጥ የፍላሹን ስም የያዘ አንድ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ) ብቻ ቀርቷል። መጠኑ 2 ኪሎባይት። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ፍላሹ ላይ ራይት ክሊክ አድርጌ «ፕሮፐርቲስ» አሳየኋት፦ የተያዘው ቦታ ከ3 ጊጋባይት በላይ ነው። «ባዶ ፍላሽ 3 ጊጋ ይይዛል?» አልኳት። ያኔ ነው የተነፈሰችው።

ቫይረሱ ፋይሎቹን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። ያንን ስትጫን ፋይሎችህንም ይከፍትልሃል፣ ራሱንም ኮምፒውተርህ ላይ ይጭናል። ስለዚህ «ሂደን አይተምስ»ን አብራ። ካልበቃ «ኦፕሽንስ» ውስጥ፣ «ቪው» ሥር፣ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት አንሳ። ብዙ ጊዜ ስም የሌለው ፎልደር ብቅ ይላል፤ ንብረትህ እዚያ ነው። ዶክመንቶችህን ብቻ ወደ ኮምፒውተርህ ኮፒ አድርግ፣ ፍላሹን ፎርማት አድርግ፣ ኮምፒውተሩን በአንቲቫይረስ ፈትሽ። ሾርትከቱን ኮፒ አታድርግ፣ አደራ።

የፎልደር ሥዕል ለብሶ የሚመጣ ፕሮግራምም አለ። ሥዕሉን አትመን። «ቪው»ን ወደ «ዲቴይልስ» ቀይርና «ታይፕ» የሚለውን ዓምድ አንብብ። ፎልደር መስሎ «አፕሊኬሽን» የሚል ከሆነ ተኩላ ነው። ኤክስቴንሽኑ እንዲታይህም «ቪው» ውስጥ (በ11 «ሾው» ሥር) «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» ላይ ምልክት አድርግ። ዊንዶውስ ይሄን ደብቆ መሸጡ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ የተደበቁትን ስከፍት ፈዘዝ ያለ የወርድ አይከን አየሁ። የስሙ መጀመሪያ የተጠማዘዘች መስመርና የዶላር ምልክት አለው። አይከፈትም።

መብራት ጠፍቶብህ ነበር አይደል? ወርድ ዶክመንት ሲከፍት «ይሄን እየሠራሁበት ነው» የሚል ትንሽ ምልክት ጎኑ ያስቀምጣል፣ ሲዘጋ ያነሳዋል። መብራት ድንገት ሲሄድ የሚያነሳው አጥቶ ይቀራል። ጽሑፍህ እሱ ውስጥ የለም። ወርድ ተዘግቶ ከሆነና ፋይሉን ሌላ ሰው ካልከፈተው ደልት አድርገው።

ጥያቄ፦ አንዳንዱ ፋይሌ ላይ አረንጓዴ ራይት፣ አንዳንዱ ላይ ሰማያዊ ደመና አለ።

ዋንድራይቭ ነው፤ ፋይልህን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥልህ የማይክሮሶፍት አገልግሎት። አረንጓዴው ኮምፒውተርህ ላይ አለ፤ ደመናው ግን ኢንተርኔት ላይ ብቻ ነው ያለው፣ ኔት ከሌለ አይከፈትም። ወደ ክፍለ ሀገር ከመውጣትህ በፊት ራይት ክሊክ አድርገህ «ኦልዌይስ ኪፕ ኦን ዚስ ዲቫይስ» በለው።

ጥያቄ፦ ማክ ላይስ ፋይሉን የሚከፍተውን ፕሮግራም እንዴት ልቀይር?

ፋይሉን ምረጪ፣ ኮማንድና አይ ተጫኚ። «ኦፕን ዊዝ» ሥር ፕሮግራሙን መርጠሽ «ቼንጅ ኦል»።

ጥያቄ፦ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። የአባላት ዝርዝር ያለበትን አንድ ዶክመንት ብቻ ለየት ያለ አይከን ልሰጠው እችላለሁ?

ለአንድ ዶክመንት ብቻ ዊንዶውስ አይፈቅድም ጋሼ፤ ሥዕሉ የሚመጣው በዓይነቱ ነው ብለናል። ግን መላ አለው። ዝርዝሩን ለብቻው ፎልደር ውስጥ ያስገቡት። ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ከስተማይዝ»፣ «ቼንጅ አይከን»። ኮከብም ዛፍም ቁልፍም አለ፣ ያማርጡ። የእኛ እድር ጸሐፊ ዛፉን መርጠዋል፤ ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ጥላ ስለሆነ» አሉኝ።