ጀርመን ለምትሄጂው እህቴ

በጥቅምት ለማስተርስ ጀርመን ልሄድ ነው፤ ምግቡን፣ ቋንቋውን እንዴት ልልመደው፣ ጓደኛስ ከየት ላገኝ ነው ብለሽ ለጠየቅሽው።

ምግቡ አያስጨንቅሽ። በርበሬና ሽሮ ያዢ። ምስሩ ቱርክ ሱቅ ሞልቷል። በጾም ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ካፌ (ሜንዛ ይሉታል) ቪጋን የሚል የተጻፈበትን ፈልጊ። ግን እሁድ ሱቅ ዝግ ነው! እኔ ሳላውቅ የመጀመሪያውን እሁድ ደረቅ ዳቦ በሻይ እየነከርኩ ነው ያሳለፍኩት።

ቋንቋው ላይ አትዘናጊ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም የቤት ውሉም፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤውም በጀርመንኛ ነው። ከመሄድሽ በፊት ስድስት ኪሎ ያለው የጀርመን የባህልና የቋንቋ ተቋም፣ ጎተ፣ ገብተሽ ኤ1 (የመጀመሪያውን የቋንቋ ደረጃ) ብትጨርሺ ብዙ ትገላገያለሽ። እነሱም እንደኛ አንተና እርስዎ አላቸው፤ ‹ዱ› እና ‹ዚ›። እሱ እንኳን ለእኛ ቀላል ነው።

ሐበሻ ራሱ ፈልጎ ያገኝሻል። ጀርመኖቹ ግን ቀስ ይላሉ። አንዷን ‹ዛሬ ቡና እንጠጣ› ብትያት ካላንደሯን አውጥታ የዛሬ ሁለት ሳምንት ትልሻለች። አትቀየሚ፣ ከልቧ ነው። እኔ ከጎረቤቴ ጋር የተግባባነው በሽሮ ነው። የጋራ ኩሽና ውስጥ ሳቁላላ ሽታው ጠርቷት መጣች፤ በዳቦ በላች፤ ‹ያቃጥላል› እያለች ሁለተኛ ጨመረች። በሳምንቱ ኬክ ይዛ በሬን አንኳኳች።