መብራት በጠፋ ቁጥር ራውተሩ ለምን ወደ 1970 ይመለሳል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደሴ በሚገኝ የቁጠባና ብድር ማኅበር የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ቅርንጫፎቻችን ከዋናው ቢሮ ጋር በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በተዘረጋ የተመሰጠረ የግል መስመር፣ ይገናኛሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የቅርንጫፎቹ ራውተሮች ሰዓት ወደ 1970 ይመለሳል፤ ሰዓቱን በእጄ እስካስተካክል ድረስም ቪፒኤኑ አይነሳም። ሰዓት የሚሰጣቸው ሰርቨር ያለው ዋናው ቢሮ ነው። በዚያ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ሒሳብ ጎድሎ የካሜራውን ቅጂ ከራውተሩ ሎግ (የክንውን መዝገብ) ጋር ብናስተያይ ካሜራው 6 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ወደኋላ ቀርቶ አገኘነው። ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ ፒቲፒ ስለሚባል ሰዓትን እስከ ማይክሮ ሰከንድ የሚያናብብ አሠራር ሰምተው፣ እሱን የሚችል ዕቃ እንግዛ እያሉ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከካሜራው ልጀምር፤ እሱ ቀጠሮ አይሰጥም። ሰዓቱን ለማረም አትቸኩል። መጀመሪያ የመቅጃውን ስክሪንና ከኔትወርክ ሰዓት የሚወስድ ስልክ ጎን ለጎን አድርገህ ፎቶ አንሳ፤ ልዩነቱን በወረቀት ጻፍና ሁለት ሰው ይፈርምበት። ካረምከው በኋላ የድሮው ቅጂ በስንት እንደሳተ ለመርማሪ ማስረዳት ይከብድሃል።

ልዩነቱ ራሱ ብዙ ይናገራል። 6 ሰዓቱ የሰው እጅ ነው፤ የገጠመው ሰው 9፡00 ብሎ መሙላት ሲገባው በእኛ አቆጣጠር 3፡00 ብሎ ሞልቶታል። ልዩነቱ 3 ሰዓት ቢሆን ኖሮ የሰዓት ክልሉ ሳይሞላ መሣሪያው ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ ቀርቷል እል ነበር፤ እኛ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለንና። 4 ደቂቃው ግን የመሣሪያውን ሰዓት የሚያስኬደው የክሪስታሉ ነው። ተራ የኳርትዝ ክሪስታል ከሚሊዮን 20 ያህል ቢስት በቀን 1.7 ሰከንድ ይሆናል፤ በዚህ አካሄድ 4 ደቂቃ ለመሙላት ከአራት ወር በላይ ይወስድበታል። ስለዚህ ያ ካሜራ ብዙ ጊዜ ማንንም ሰዓት ሳይጠይቅ ቆይቷል። ጥበቃው በእኛ ሰዓት ካልሆነ አይገባኝም ቢል የሰዓት ክልሉን ዩቲሲ ሲቀነስ 3 አድርገው የሚሰጡ አሉ። ባለ 12 ሰዓቱ ማሳያ በእርግጥም የእኛን ሰዓት ያሳያል፤ ቀኑ ግን የሚለወጠው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። ማስረጃ በሚሆን ዕቃ ላይ እኔ አልወደውም።

ወደ ራውተሩ እንምጣ። ብዙ ትንንሽ ራውተሮች የሰዓት ባትሪ የላቸውም። ኃይል ሲቋረጥ ሰዓታቸውን ይረሱና የዩኒክስ አቆጣጠር ከሚጀምርበት ከ1970 ይነሳሉ። ቪፒኤኑ ደግሞ የሌላውን ወገን ማንነት የሚያረጋግጠውን፣ የጊዜ ገደብ ያለውን ሰርተፊኬት ሲመረምር ዛሬ 1970 ከሆነ ይህ ሰርተፊኬት ገና አልጸናም ብሎ ይመልሰዋል። ትክክለኛው ሰዓት ያለው ከቪፒኤኑ ወዲያ ማዶ ነው፤ ቪፒኤኑ የሚነሳው ደግሞ ሰዓቱ ሲስተካከል ነው። ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መቆለፍ ማለት ነው።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ከቪፒኤኑ ውጭ በኢንተርኔት የሚገኝ የኤንቲፒ (መሣሪያዎች በኔትወርክ ሰዓት የሚጠያየቁበት ደንብ) ምንጭ መስጠት ነው፤ ለምሳሌ የኤንቲፒ ፑል፣ ማለትም ለማንም ክፍት የሆነ የሰዓት ሰርቨሮች ስብስብ። ጥያቄው ወደ ቪፒኤኑ እንዳይዞር የመንገድ ሰንጠረዡን አረጋግጥ። ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ ራውተሩ የተመሰጠረ ዲኤንኤስ (የሰርቨር ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይር አገልግሎት) የሚጠቀም ከሆነ እሱም ሰርተፊኬት ስለሚመረምር እዚያው ቋጠሮ ውስጥ ይገባል። ለሰዓት ሰርቨሮቹ ስም ተራውን ዲኤንኤስ ተውለት። ምንጮቹን አራት አድርግ፤ ሁለት ብቻ ሲሆኑ ሳይስማሙ ቢቀሩ ዋሾው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ካሜራውና ኮምፒውተሮቹ ደግሞ ከቅርንጫፉ ራውተር ይጠይቁ። የዩዲፒ 123 በርን ግን ከኢንተርኔት ወገን ለሚመጣ ጠያቂ ዝጋው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. አጥቂዎች ክፍት የኤንቲፒ ሰርቨሮችን የጥቃት ማጉያ አድርገዋቸው ነበር።

መሥራቱን ለማየት ሲስኮ ራውተር ላይ የኤንቲፒ ምንጮችን ዝርዝር ክፈት። ከአንዱ ፊት ኮከብ ካለና የመድረሻው (reach) ቁጥር 377 ከሆነ ደህና ነህ። ይህ ቁጥር በስምንትዮሽ የተጻፈ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ስምንት ጥያቄዎች ሁሉ መልስ አግኝተዋል ማለት ነው። በየ64 ሰከንዱ እየጠየቀ እዚያ ለመድረስ 8 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ እስከዚያ ቡናህን ጠጣ። ስትራተም (ከዋናው የሰዓት ምንጭ ያለው የደረጃ ርቀት) 16 ካየህ ግን ገና አልተናበበም።

ለሥራ አስኪያጁ ስለ ፒቲፒ እንዲህ በላቸው። ኤንቲፒም ፒቲፒም የመልእክት ደርሶ መልስ ለክተው፣ መሄጃውና መምጫው እኩል ነው ብለው ለሁለት ያካፍላሉ። መሄጃው 40፣ መምጫው 10 ሚሊሰከንድ ከሆነ ስሕተቱ 15 ሚሊሰከንድ ነው፤ የትኛውም ውድ ራውተር ይህን ከራሱ አያውቀውም። ፒቲፒ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. አይትሪፕልኢ 1588 ተብሎ የወጣው፣ የሚበልጠው የሰዓት ማኅተሙን በሃርድዌር ስለሚመታና በመንገዱ ያለ እያንዳንዱ ስዊች የራሱን መዘግየት ስለሚያሳውቅ ወይም ስለሚያርም ነው። በኪራይ ኢንተርኔት መስመር ላይ ከነዚያ ስዊቾች አንዱም የእናንተ አይደለም። ማይክሮ ሰከንድ የሚያስፈልገው ለሞባይል ጣቢያዎችና ለኃይል ማከፋፈያዎች ነው፤ ለሒሳብ ምርመራ የሰከንድ ልክነት ይበቃል። ባጀቱ ከተፈቀደ በየቅርንጫፉ ለራውተሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ግዙበት።