የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጋራ ጓሮ በዋልካ መሬት

ጥያቄ፦ አዘዞ የምንኖር 20 አባወራዎች ነን። ቀድሞ ቆሻሻ ይጣልበት በነበረ 400 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ አትክልት እንድናለማ ተፈቅዶልናል። አፈሩ ዋልካ ነው። የቧንቧ ውኃ የሚመጣው ሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ከመሬቱ በፊት ውኃውን አስሉ። 400 ካሬውን በሙሉ ከቆፈራችሁት መስከረም ላይ ያምርና መጋቢት ላይ ይደርቅባችኋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን 5 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ለአንድ ቤተሰብ 1 ሜትር ከ20 በ5 ሜትር የሆነ መደብ ብትሰጡ፣ በቀን አንድ ተኩል ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይጠጣል፤ ለሁላችሁ 600 ሊትር ማለት ነው። ከሐሙስ እስከ ሰኞ አራት ቀን ስለሆነ 2,400 ሊትር ተጠራቅሞ መገኘት አለበት። ስለዚህ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሁለት ያስፈልጋችኋል። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ በበጋ 16 መደብ ትከሉ፣ የቀሩትን ጭድ አልብሷቸው። ሮቶውን 1 ሜትር ከፍ ባለ የድንጋይ መደላድል ላይ አስቀምጡት፤ ውኃው በጎማ በራሱ ይወርዳል።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው ዐቢይ ጾም የሚውለው ውኃ በሚጠፋበት ወቅት ስለሆነ ነው። ጎመንና ቆስጣ ከሁሉ ጊዜ ይልቅ የሚፈለጉት ያኔ ነው።

የመደቡ ስፋት ከ1 ሜትር ከ20 አይብለጥ፤ ከሁለቱም ወገን እጅ መሃሉ ላይ ሲደርስ ማንም መደቡን አይረግጥም። ዋልካ አንዴ በእርጥቡ ከተረገጠ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። ከመቆፈራችሁ በፊት አንድ እፍኝ ጨብጡ፤ ጣት ላይ ከተጣበቀ ጥቂት ቀን ጠብቁ፣ ከተፈረፈረ ዶማችሁን አንሡ። ለክረምት መደቡን ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉና ግርጌው ላይ ቦይ አውጡ፤ አለዚያ ውኃ ይተኛበትና ሥሩ ይበሰብሳል። ጥቅምት ላይ ደግሞ መሃሉን ዝቅ፣ ጠርዙን ከፍ አድርጉት፤ ያጠጣችሁት እዚያው ይቀራል። የቲማቲም ችግኝም ወደ መደቡ ያን ጊዜ ይዛወር። በሐምሌና ነሐሴ ቅጠሉ ሳይደርቅ ስለሚሰነብት ጠቁሮ ይረግፋል።

የድሮው ቆሻሻ ነገር አይናቅ። ባትሪ ወይም የመኪና ዘይት ከወጣበት ስፍራ የሚበላ ነገር አትትከሉ።

ደንቡን እንደ እድር በጽሑፍ አድርጉት፦ የማጠጣት ተራ፣ የሮቶው ቁልፍ ያዥ፣ መደቡን ሦስት ሳምንት የተወ ሰው ለማን እንደሚያስረክብ። ፈቃዱም የቃል ብቻ ከሆነ በደብዳቤ ይሁን፤ ሮቶ ከመግዛታችሁ በፊት።

ጥያቄ፦ የላም ፍግ በነጻ እናገኛለን። እንደመጣ ብንበትነውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ትኩስ ፍግ ችግኝ ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። ከጭድና ከአረንጓዴ ቅጠል ጋር እያነባበራችሁ 1 ሜትር ከፍታ ከምሩት፣ አርጥቡት፣ ሸፍኑት፤ በየሦስት ሳምንቱ አገላብጡት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን አታስገቡ፣ ቶሎ አይበሰብስም። ረጅም እንጨት መሃሉ ድረስ ሰክታችሁ ተዉት። ስትመዝዙት ትኩስ ከሆነ ገና ነው፤ ከቀዘቀዘና የአፈር ሽታ ከያዘ ደርሷል። ይህም ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። ለአንድ መደብ 20 ኪሎ ይበቃል።