ጥያቄና መልስ፦ የአመጋገብ መታወክ ያለባት ታካሚ ዋርድ ስትገባ

ሲስተር፦ ዛሬ ተረኛ አይደለሁም፤ እስኪመሽ ጠይቁ። ለማታውቁኝ፣ መጀመሪያ በውስጥ ደዌ፣ ኋላ በአእምሮ ሕክምና ክፍል የሠራሁ ነርስ ነኝ። አኖሬክሲያን (ወፍራለሁ በሚል ፍርሃት ራስን ማስራብ) እና ቡሊሚያን (ከመጠን በላይ በልቶ በማስታወክ ወይም በሌላ መንገድ ማስወጣት) በሁለቱም ክፍሎች አይቻለሁ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል። ላላየሁት ታካሚ የመድኃኒት መጠን አልጽፍም። ደግሞም እዚህ መወያያ ላይ የሚጻፈውን ሕመሙ ያለባቸውም ያነቡታልና የካሎሪ ቁጥር፣ የታካሚ ኪሎ፣ "እንዲህ አድርጋ አታለለችን" የሚል ዝርዝር እንዳላይ።

ጀማሪዋ፦ እንደምን ዋሉ ሲስተር። ሥራ ከጀመርኩ ሦስት ወሬ ነው። አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። እሷ "ምንም አልሆንኩም" ትላለች፣ እናቷ ያለቅሳሉ። እኔ መሀል ላይ ቆሜ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።

ሲስተር፦ ከልብ ምቷ ጀምሪ። እናትየውን በአክብሮት ውጭ አስቀምጫቸው፤ በኋላ ለብቻቸው ታነጋግሪያቸዋለሽ፣ የሚያውቁት ብዙ ነው። ልጅቷን አስተኝተሽ 5 ደቂቃ ጠብቂ፣ ቢፒ (የደም ግፊት) እና ፐልስ (የልብ ምት) ውሰጂ። ከዚያ አቁመሻት ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ቆይተሽ ድገሚው። ፐልሱን በጣትሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ለዚህ ታካሚ አይሆንም።

ለምን እንደማስጨንቅ ልንገርሽ። አንድ ጊዜ ርክክብ ላይ አንዲት ልጅ ተረከብኩ። ቻርቷ ላይ "ፐልስ 44" ተጽፎ አጠገቡ "ስፖርተኛ ናት" ይላል። ተኝታ ነበር የተለካችው። አቆምኳትና ቆጠርኩ፤ 96። ግድግዳውን ይዛ "ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ይለቀኛል" አለችኝ። የስፖርተኛ ልብ ሲያርፍ ቀስ ይላል፣ ባለቤቱ ብድግ ሲል ግን እንዲህ አይደነብርም። የተራበ ልብ ነው ተኝቶ የሚያንቀላፋው፣ ሲቆም የሚበረግገው። በወጣቶች ላይ ቀን፣ ነቅታ እያለች ከ50 በታች የወረደ ፐልስ፣ ስትቆም ሲስቶሊኩ (የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር) በ20 ወይም ከዚያ በላይ መውረዱ፣ ከ35.6 ዲግሪ በታች የሆነ ሙቀት ካገኘሽ "ተኝታ ትታከም ወይ?" ብለሽ ሐኪሙን ጠይቂ። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሳ፤ ኪውቲው (ልብ ከምት በኋላ ኤሌክትሪኩን መልሶ ለማስተካከል የሚፈጅበት ጊዜ) ረዝሞ እንደሆነ ይዩልሽ። ሙቀቷ ኖርማል ስለሆነም ኢንፌክሽን የለባትም አትበይ። የተራበ ሰውነት ትኩሳት ማውጣት ያቅተዋል።

ከዚያ እጇን ያዢ። ጣቶቿ ይቀዘቅዛሉ? ይጠቁራሉ? የጣት አንጓዋ ላይ ጠባሳ ወይም የደደረ ቆዳ አለ? ይህ የራስል ምልክት የሚባለው ነው፤ ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ቡሊሚያን ለይቶ ከገለጸው ሐኪም ከጄራልድ ራስል ነው። ጉንጯ ከጆሮዋ ሥር አብጧል? የጥርሷ የውስጥ ገጽ ተበልቷል? ክንዷና ጀርባዋ ላይ ስስ ጸጉር በቅሏል? ይህን ሁሉ ስታዪ ፊትሽ ላይ ምንም እንዳይነበብ።

ስትጠይቂ ደግሞ "ለምን አትበይም?" አትበያት፤ ያን ጥያቄ ከቤት ጀምሮ ሰልችታዋለች። "ትናንት ከነቃሽ ጀምሮ ምን እንደቀመስሽ በተራ ንገሪኝ" በያት። ማስታወክን፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒትን፣ የሚያሸና መድኃኒትን፣ ስፖርትን፣ ራስን መሳትን አንድ በአንድ ጠይቂ። የመሞት ሐሳብን ሳትሸፋፍኚ ጠይቂ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራም።

3ኛ ዓመት ተማሪ፦ ስኮፍ የሚባለው መጠይቅ ፈተና ላይ ይመጣል። ያብራሩልን።

ሲስተር፦ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ፣ የአመጋገብ መታወክን የሚያጣራ ባለ 5 ጥያቄ መጠይቅ ነው፦ ከልክ በላይ ጠግቤያለሁ ብሎ ማስታወክ፣ አበላልን መቆጣጠር አቃተኝ ብሎ መጨነቅ፣ በ3 ወር ውስጥ ብዙ ኪሎ መቀነስ፣ ሰው ቀጭን ነሽ እያለ ራስን ወፍራም ብሎ ማመን፣ ምግብ ሕይወትን መግዛቱ። ሁለት "አዎ" ካለ በደንብ ይመርመር። ማጣሪያ ነው፣ ምርመራ አይደለም።

አንዱ አባል፦ ታካሚዬ አትበላም። ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ ዕድሜ? ተኝታና ቆማ ፐልስ? ፖታሲየም? ካልበላች ስንት ቀን? እነዚህን ይዘህ ተመለስ።

የሌሊት ተረኛ፦ ሲስተር ፈጣን ጥያቄ። ከሦስት ቀን በፊት በጣም ከስታ የገባች አኖሬክሲያ ያለባት ታካሚ አለችን። መብላት ጀመረች፣ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ድሪፕም ተሰቅሎላታል። ዛሬ እግሯ አብጧል፣ ወሬዋም ይምታታል። አልቡሚን (የደም ፕሮቲን) ወርዶ ይሆን?

ሲስተር፦ መልሴን አትጠብቂ። አሁኑኑ ተረኛ ሐኪም ጥሪ፣ የጣት ግሉኮስ (የደም ስኳር) ለኪ፣ ኢሲጂ አንሺ፣ የፎስፌት፣ የፖታሲየምና የማግኒዚየም የደም ምርመራ በአስቸኳይ ይላክ። ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ተሰጥቷት እንደሆነ ቻርቱን እዪ። ሂጂ።

እሷ እስክትመለስ ለሌሎቻችሁ። ይህን ነገር ተናግሬ አልጠግብም፣ ታገሡኝ። አልቡሚን በአኖሬክሲያ አብዛኛውን ጊዜ ኖርማል ነው፤ እግር ሲያብጥ ወደዚያ አትሩጡ። ሪፊዲንግ ሲንድሮምን (ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው መመገብ ሲጀምር የሚመጣውን አደጋ) አስቡ። ሰው ሲራብ ሰውነቱ በስቡ መኖር ይለምዳል፣ ኢንሱሊንም ዝቅ ይላል። ፎስፌት ከሰውነቱ ቢያልቅም ደሙ ላይ ያለው ቁጥር ደህና መስሎ ሊቆይ ይችላል። ምግብ በተለይም ስኳር ሲገባ ኢንሱሊን ይነሳና ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየምን ከደም ጠራርጎ ወደ ሴል ያስገባል። ያን ጊዜ ደሙ ባዶ ይቀራል። ያለ ፎስፌት ሴል ጉልበት አይሠራም፦ ልብ ይደክማል፣ የመተንፈሻ ጡንቻ ይዝላል፣ አእምሮ ይደናገራል። ያ ስኳር ሲቃጠል ደግሞ ታያሚንን ይጨርሳል፤ ለዚህ ነው ታያሚን ከምግብና ከግሉኮስ በፊት የሚቀድመው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከምርኮ የወጡ የተራቡ ሰዎች ምግብ ካገኙ በኋላ የሞቱት በዚህ ነው።

ስለዚህ ከመብላቷ በፊት ደም፣ ከበላች በኋላም ደም። መጀመሪያ ላይ ኖርማል የመጣ ውጤት አያድንም፤ የሚወርደው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሆነ በየቀኑ ይላክ። የዴክስትሮዝ (የስኳር) ድሪፕም ምግብ ነው! "ገና አልበላችም፣ ድሪፕ ብቻ ነው" የሚል ርክክብ ስሰማ ጸጉሬ ይቆማል። ከ10 ቀን በላይ ምንም ያልቀመሰች፣ በጥቂት ወራት ከክብደቷ 15 በመቶ በላይ ያጣች፣ ወይም ሳትበላ ጀምሮ ፖታሲየሟ የወረደ፣ ከነዚህ አንዱ ብቻ ከባድ ስጋት ነው።

ግን ፈርታችሁ እያስራባችሁ አታቆዩአት። ሪፊዲንግን ፈርቶ ለሳምንት በጭላጭ ማቆየትም ይገድላል። ዕቅዱን ሐኪምና የሥነ ምግብ ባለሙያ ያውጡት፣ እናንተ ደሙን ተከታተሉ።

ብዕር፦ ይቅርታ፣ ግን ይህ ሁሉ ድካም በፈቃዷ ላልበላች ሰው? ሌላ ታካሚ አልጋ እየጠበቀ። ቅብጠት ነው የሚመስለኝ።

ጀማሪዋ፦ ወንድሜ ይህን ነርስ ሆነህ ነው የምትለው?

ብዕር፦ ነርስ ስለሆንኩ ነው። ትሪውን ገፍታ ስታለቅስ ስንቴ አየሁ።

የላብ ሰው፦ ሁለታችሁም ተረጋጉ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ተመራማሪው አንሴል ኪስ 36 ጤነኛ ፈቃደኛ ወንዶችን በከፊል አስርቦ አጥንቷል። ሰዎቹ ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ፣ ሳህናቸው ላይ ሰዓት ማጥፋት፣ መነጫነጭ፣ ከሰው መሸሽ ጀመሩ። ከዚያ በፊት እንዲህ አልነበሩም።

ሲስተር፦ የላብ ሰው ጨርሶልኛል። ግማሹ "ጸባይ" የምትለው ረሃቡ ራሱ ነው፤ ሰውነቷ ሲያገግም ይቀንሳል። ቅብጠት የሚል ቃል እኔ ባለሁበት ዋርድ አይነገርም። ይህ ሕመም ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ብዙ ከሚገድሉት አንዱ ነው። ቀጣይ።

ዋርድ 2፦ ማዕድ ላይ አብረን ስንቀመጥ ምን እንበል? እኛ ጋ ሁሉም የየራሱን ይላል።

ሲስተር፦ በሽታው እኮ የሚገባው በዚያ ቀዳዳ ነው። የጠዋቱ ነርስ "ግማሹ ይበቃል" ካለ የማታው "ሁሉም ያልቃል" ሲል ጨካኝ ይሆናል። የሚበላው፣ የሚፈጀው ሰዓት፣ ካልተጨረሰ የሚተካው ነገር አስቀድሞ ይጻፍ። ገበታ ላይ ድርድር የለም። ከበላች በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አብራችሁ ቆዩ፣ መጸዳጃ ቤቱንም ጨምሮ፤ እንደ ዘበኛ ሳይሆን እንደ ጓደኛ፣ ካርታም ቢሆን እየተጫወታችሁ። ሲበላ ስለ ምግብ አይወራ። አንዲት ታካሚዬ የመጀመሪያውን ማንኪያ ይዛ 11 ደቂቃ ቆየች፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ስለምትሠራው ሹራብ ስጠይቃት ቆየሁና ስለ ክሩ ቀለም እየነገረችኝ ጎረሰችው። "ጎበዝ!" አላልኳትም።

ደግሞ እባካችሁ፣ "ወዝሽ ተመለሰ"፣ "ፊትሽ ሞላ"፣ "አሁን ሰው መሰልሽ" አትበሉ። እናንተ ምርቃት ብላችሁ ትናገራላችሁ፣ እሷ ጆሮ ሲደርስ "ወፈርሽ" ነው። "ዛሬ ከባድ ነበር፣ ሆኖም ተቀመጥሽ" ይበቃል።

ዋርድ 2፦ ክብደትስ? ጀርባዋን ለሚዛኑ አዙረን ነው የምንመዝናት።

ጀማሪዋ፦ እኛ እናሳያለን። መደበቅ ፍርሃቷን ያባብሳል ብለው ነው ያስተማሩን።

ዋርድ 2፦ አሳይታችሁ ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ማን ያባብላታል? ሁለት መቶ ግራም ጨመርኩ ብላ ምሳ እምቢ ያለች አይቻለሁ።

ጀማሪዋ፦ ወጥታስ ቤቷ ሚዛን ስታገኝ? ከእኛ ጋር ብትለምደው አይሻልም?

ብዕር፦ እኔ በዚህ ላይ ከዋርድ 2 ጋር ነኝ።

የላብ ሰው፦ አንተ ሚዛኑንም ቅብጠት ነው በለውና እንረፍ።

ሲስተር፦ በቃ። ሁለቱም ይሠራበታል፣ ለሁለቱም ምክንያት አለ። ቡድኑ አንዱን ይምረጥ፣ ምርጫውም ለታካሚዋ ይነገራት። የማይሆነው አንዱ ሺፍት አሳይቶ ሌላው መደበቁ ነው። ጠዋት፣ ከሸናች በኋላ፣ በሆስፒታል ጋውን፣ በአንድ ሚዛን። የሽንት ስፔሲፊክ ግራቪቲ (ሽንቱ ምን ያህል እንደወፈረ ወይም እንደቀጠነ) አብሮ ይታይ፤ በጣም ቀጥኖ ከተገኘ ሶዲየሟን እዩ። ለምን እንደሆነ የሚገባው ገብቶታል፣ አላብራራም።

ገብረ ጉልበት፦ ታካሚዬ ፐልሷ 46 ነው፣ ግን ሯጭ ነኝ ትላለች። ችግር አለው?

ሲስተር፦ ከላይ አንብብ። አስተኝተህ፣ አቁመህ ለካ።

እህት፦ እኔ ነርስ አይደለሁም። ታናሽ እህቴ ከበላች በኋላ እንደምታስመልስ ደረስኩበት። ክብደቷ ግን ደህና ነው፤ ቤተሰቡ "ምን አላት?" ይላል። ላስፈራራት?

ሲስተር፦ እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። አታስፈራሪያት፣ በር ላይም አትቁሚባት። ብቻችሁን ስትሆኑ "አይቻለሁ፣ አልተቆጣሁም፣ አብሬሽ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ" በያት። ክብደቷ ደህና መሆኑ አያታልላችሁ፤ ቡሊሚያ ያለባቸው አብዛኞቹ ክብደታቸው ደህና ነው። ማስታወክ ፖታሲየምን ያወርዳል፣ የወረደ ፖታሲየም የልብን ምት ያዛባል፣ ይህ ደግሞ በመልክ አይታይም። የደምና የኢሲጂ ምርመራ ያስፈልጋታል። ራሷን ከሳተች፣ ልቧ ከዘለለባት፣ ደም ካስታወከች፣ ደረቷን ካመማት ወይም መሞትን ካነሳች ድንገተኛ ክፍል ዛሬውኑ። ጥርሷን በተመለከተ፣ ካስታወከች በኋላ ወዲያው አትቦርሽ፤ አሲዱ ያለሰለሰውን ቡርሹ ይፍቀዋል። በውሃ ትጉመጥመጥ።

3ኛ ዓመት ተማሪ፦ መድኃኒቱስ?

ሲስተር፦ ለቡሊሚያ ፍሎክሲቲን (የድብርት መድኃኒት)። ለአኖሬክሲያ ብሎ የተፈቀደ መድኃኒት የለም፤ ምግቡ ነው መድኃኒቱ፣ ከንግግር ሕክምና ጋር፤ ለልጆች ደግሞ ቤተሰብን ያሳተፈው። ቡፕሮፒዮን የሚባለው ሌላ የድብርት መድኃኒት ለሁለቱም አይሰጥም፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። መጠን አልጽፍም ብያለሁ።

የላብ ሰው፦ ሲስተር፣ ከጠዋት ጀምሮ "እሷ" ብቻ ነው የሚሉት። ወንዶችስ?

ሲስተር፦ ልክ ነህ፣ የአፍ ልማድ ነው። ወንዶች ይታመማሉ፣ ማንም ስለማይጠይቃቸውም ዘግይተው ይመጣሉ። የወር አበባ መቅረት ከአኖሬክሲያ መመርመሪያ መስፈርት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ኢንሱሊን፦ ዓይነት 1 ስኳር ያለባት ልጅ ኪቶአሲዶሲስ (ኢንሱሊን ሲጎድል ደም አሲድ የሚሆንበት አደጋ) እየደጋገማት ትገባለች። ክብደቷም ይቀንሳል።

ሲስተር፦ ኢንሱሊኑን እያወቀች ትዘለው እንደሆነ ለብቻዋ፣ ሳትፈርጂባት ጠይቂያት። ከዚያ የስኳርና የአእምሮ ሕክምና ቡድኖቹ አብረው ይያዟት። አንዱ ብቻውን አይችላትም።

የሌሊት ተረኛ፦ ተመለስኩ ሲስተር። ግሉኮስ ደህና ነው። ፎስፌት 0.4 መጣ፣ ፖታሲየም 2.9፤ ሁለቱም ወርደዋል። ሐኪሙ የምግቡን መጠን አስቀነሱ፣ በደም ሥር ፎስፌትና ፖታሲየም ጀመሩላት፣ ሞኒተር ላይ ናት። ታያሚን አልተሰጣትም ነበር፤ አሁን ተሰጣት።

ሲስተር፦ ጎሽ። ማግኒዚየሙስ?

የሌሊት ተረኛ፦ ከወረቀቱ ላይ የለም። አልታዘዘም መሰለኝ።

ሲስተር፦ ማግኒዚየሙ ወርዶ ከሆነ ፖታሲየሙን ብትሞሉት አይነሳም። በተቀዳው ደም ላይ እንዲጨምሩት ላብራቶሪ ደውዪ፤ አተነፋፈሷንም በየሰዓቱ ቁጠሪ። ውጤቱ እስኪመጣ እዚሁ ነኝ።