ስለ አሰብ ለምትከራከሩ ልጆቼ

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ውስጥ ቡና በተፈላበት ሁሉ፣ ዛሬ በኤርትራ ሥር ያለችው የቀይ ባሕር ወደብ፣ የአሰብ ነገር ይነሳል። በረንዳ ላይ ተቀምጬ እሰማችኋለሁ። አንዱ ስለ ወደቡ፣ አንዱ ስለ ውሉ፣ አንዱ ስለ ካርታው ይናገራል፤ ድምፃችሁም ከፍ ይላል። ያገር ጉዳይ ስላንገበገባችሁ ደስ ይለኛል። ግን አንድም ቀን «እዚያ ያለው ሰው ምን ሠርቶ ያድራል?» ብሎ የጠየቀ ልጅ አልገጠመኝም። እኔ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል አሰብና ዙሪያዋ በዓሣ ሀብት ባለሙያነት ሠርቻለሁ። የወደቡን ክርክር ለእናንተ ትቼ ስለ ከተማዋና ስለ ሰዎቿ ልጻፍላችሁ።

ለእኛ ለኮምቦልቻ ልጆች አሰብ ሩቅ አገር አልነበረችም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከአሰብ አንስቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በባቲ በኩል የዘረጋው መንገድ የሚወጣው እኛ ደጅ ነው። ከባቲ ሽቅብ የሚመጣው ኤን ትሬ ፊያት የጭነት መኪና እያቃሰተ ሌሊት ከእንቅልፋችን ይቀሰቅሰን ነበር። ረዳቱ ወርዶ ጎማውን በብረት እየመታ ሲፈትሽ እኛ ልጆቹ በጭነቱ ላይ የተወጠረውን ሸራ እንነካለን። እኔ ያንን ሸራ በምላሴ ቀምሼዋለሁ። ጨው ጨው ይል ነበር። ባሕርን ከማየቴ ከብዙ ዓመት በፊት ጣዕሙን ያወቅሁት እንዲያ ነው። ኋላ ከአዋሽ በገዋኔ አድርጎ ሚሌ የሚደርሰው መንገድ ሲሠራ የአዲስ አበባ ጭነት ወደዚያ ዞረ፤ የደሴና የኮምቦልቻም የሾፌር ግርግር ቀዘቀዘ። የዚያን ጊዜ የነበሩ ሆቴል ቤቶች ባለቤቶች ዛሬም ሲያነሱት ይቆጫቸዋል።

አሰብ ወደብ ከመሆኗ በፊት የዓሣ አጥማጅ መንደር ነበረች። አፋሮቹ በትንሿ ጀልባ በሁሪ እና ከፍ ባለችው በሳምቡክ ያጠምዳሉ፤ ማዶ ካለው የየመን ዳርቻ ጋርም ይገበያያሉ። በኅዳር 1862፣ የስዊዝ ቦይ በተከፈተበት በዚያው ወር፣ ጁሴፔ ሳፔቶ የሚባል የቀድሞ ሚስዮናዊ ሩባቲኖ ለተባለው የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ ብሎ ከአካባቢው የአፋር ሱልጣኖች መሬት ገዛ። በ1874 የጣሊያን መንግሥት ከኩባንያው ተረከበው፤ በ1882 ደግሞ ኤርትራ የሚባል ቅኝ ግዛት ታወጀ። የዚያ ሁሉ መነሻ ያቺ መንደር ናት። መጻሕፍቱ የገዢውንና የሻጩን ነገር ይተርካሉ። እኔ የማስበው በዚያን ቀን ጎሕ ሳይቀድ ሁሪውን ገፍቶ የወጣውን ሰው ነው።

እኔ ስደርስ ከተማዋ ሌላ ሆናለች። ወደቡ ቀን ከሌሊት ይሠራል። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የነዳጅ ማጣሪያ አለ፤ እሱ በ1989 ተዘጋ። የጨው ማምረቻው ነጭ ክምር ከሩቅ ዓይን ይወጋል። ለወደብ ሥራ ከወሎ የወረደው ወገናችን ብዙ ነበር፤ ካምፖ ሱዳን፣ አሰብ ከቢር፣ አሰብ ሰጊር እየተባለ በየሰፈሩ አማርኛው፣ አፋርኛው፣ ዐረብኛው ይደባለቃል። በሐምሌና በነሐሴ ቤት ውስጥ መተኛት አይታሰብም። አልጋ ደጅ ይወጣል፤ የጎረቤት ሳል እየሰሙ ነው የሚያድሩት። ማን ታመመ፣ ማን ተኳረፈ፣ የማን ልጅ አምሽቶ ገባ ተብሎ የሚጠየቅበት ከተማ አልነበረም። ሁሉም ያውቃል።

ባሕር ዳሩ ግን የራሱ ሥርዓት ነበረው። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ፣ ቆመው ወይም ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ። ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ሰማሁ ብለህ ለይተህ ትናገራለህ። ሌላው ተቀብሎህ ለሚቀጥለው ሰው ስለሚያደርስ፣ ሐሰት ከነገርክ ስምህ በበረሃው ሁሉ ይጠፋል። ባሕር ላይም እንዲያው ነው፦ ጀልባ ሲመለስ ሰዎቹ ዓሣውን ከማራገፋቸው በፊት ዳጉ ይቀመጣሉ። ነፋሱ ከየት ነፈሰ፣ ወፎቹ የት ሰፈሩ፣ የማን ሞተር ቆመ።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ቅጽ ይዤ ነበር የሄድኩት። የጀልባ ብዛት፣ የመረብ ርዝመት፣ በቀን የተያዘ ዓሣ በኪሎ። ሁሉንም እየጠየቅሁ እሞላለሁ፤ ቁጭ ብዬ ግን አላውቅም። አንድ ታኅሣሥ ላይ አዳዲስ የናይሎን መረብ መጣልንና የሙከራውን ቀን እኔ ቆረጥኩ። ናኹዳው፣ የጀልባው አለቃ ማለት ነው፣ ስድሳውን ያለፈ የአፋር ሽማግሌ ነበር። እጁን ውኃው ውስጥ ነክሮ ቆየና «ያ ወለዲ፣ ዛሬ አዝየብ ይነሳል» አለኝ። አዝየብ ከደቡብ፣ ከባብ ኤል መንደብ በኩል የሚመጣው ነፋስ ነው፤ በክረምታችን ጋብ ይልና በበጋችን ይበረታል። እኔ ሰማዩን ሳየው ጥርት ብሏል። የፕሮግራሙ ቀን ነው፣ ሪፖርት ይጠበቃል አልኩት። ሽማግሌው አልተከራከረኝም፤ ጀልባዋን ገፍቶ ወጣ።

ከቀትር በኋላ ባሕሩ ነጭ ሆነ። ሰዎቹ በሰላም ተመለሱ፤ አልሐምዱሊላህ፣ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። መረቡ ግን ኮራል ድንጋይ ላይ ተጠልፎ ተቦጫጭቋል። በማግስቱ ማልጄ ስወርድ ናኹዳው አሸዋው ላይ ተቀምጦ፣ መረቡን በእግሩ አውራ ጣት ወጥሮ ይዞ፣ በእንጨት መርፌ ቀዳዳውን አንድ በአንድ ይቋጥራል። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ክሩ የእሱ። ቀና ብሎም አልወቀሰኝም። አጠገቡ ያለውን አሸዋ በመዳፉ ጠረግ ጠረግ አደረገልኝና «ቁጭ በል» አለኝ። ያን ቀን ቅጹን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እስከ ቀትር ቋጠርን። እኔ የቋጠርኩትን እየፈታ እንደገና ይቋጥረው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ቅጹ አይዘውም ነበር። ዓሣው ሲሸጥ በመጀመሪያ የነዳጁና የበረዶው ይነሳል፤ ከተረፈው ለጀልባው፣ ለሞተሩ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ይወጣል። ከመከፈሉ በፊት ግን ጥቂት ዓሣ ጎን ተደርጎ ይቀመጣል፤ ባሏ ባሕር ላይ ለቀረባት፣ ለታመመው፣ ሞተሩ ለቆመበት። ማንም አይጠራቸውም። ልጅ ይላካል፣ ዘምቢሉን ይዞ ይመጣል። ሻርክ የተያዘ ቀን ተሰንጥቆ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ደራክ የሚባለው ዓሣ የተያዘ ቀን ደግሞ ከጀርባው ተሰንጥቆ በየመን ዓይነት ታኑር፣ በሸክላ ምድጃ ማለት ነው፣ ውስጥ ይጋገርና ከትኩስ ቂጣ ጋር ይበላል። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ ሥጋ ነው ያደግሁበት፤ ያንን ዓሣ የሚያህል ነገር ግን በሕይወቴ አልበላሁም።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፤ ድንበር ድንበር ስትሉ ስለምሰማ። በታኅሣሥ 1988 ኤርትራና የመን በሐኒሽ ደሴቶች ምክንያት ተታኮሱ። ነገሩ ለግልግል ዳኞች ቀረበ። በመስከረም 1991 ዳኞቹ ዋና ዋናዎቹን ደሴቶች ለየመን፣ ለኤርትራ ዳርቻ የሚቀርቡትን ትናንሾቹን ለኤርትራ ወሰኑ። ሲወስኑ ግን የሁለቱም አገር ዓሣ አጥማጆች ከጥንት ጀምሮ ሲያጠምዱበት የኖሩበት ልማድ እንዳይነካ አሉ። በሁለተኛው ውሳኔያቸውም አንዱ በሌላው ወደብ ገብቶ ዓሣውን የመሸጥ ነባር ልማዱም እንደሚጠበቅ አብራሩት። መንግሥታት የተጣሉበትን ውኃ እነዚያ ሰዎች ለስንት ትውልድ ተካፍለው በልተውታል ማለት ነው። ይህን ሳነብ ናኹዳዬን አስታወስኩና አለቀስኩ።

በግንቦት 1990 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተነሳ። ወደቡ ለእኛ ጭነት ተዘጋ፤ አሰብ የነበረው ወገናችንም ዕቃውን ጥሎ ወጣ። ብዙዎቹ ደሴና እዚህ ኮምቦልቻ ገቡ። ቤተሰብ ተለያየ፤ እዚያ የተዳሩ፣ እዚያ የወለዱ፣ እዚያ የቀበሩ ነበሩ። እኔ ቀደም ብዬ ወደ ሐይቅ ተዛውሬ ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ገዳም በመሠረቱበት በሐይቅ፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በሚያጠምዱት ልጆች መካከል ሌላ አሥር ዓመት ሠራሁ። እዚያ የመጀመሪያውን ወር ቅጽ አላወጣሁም። መረብ ስቋጥር ከረምኩ፤ የእኔን ቋጠሮ ሳይፈቱት አለፉት።

ልጆቼ፣ ስለ አሰብ መናገር አትተዉ። ግን ከመናገራችሁ በፊት ዳጉ ተቀመጡ። ያነበባችሁትን አነበብኩ፣ የሰማችሁትን ሰማሁ በሉ፤ ያላያችሁትን እንዳያችሁ አድርጋችሁ አትናገሩ። መጠየቂያው ሰው ደግሞ ሩቅ አይደለም። በየሰፈራችሁ «የአሰብ ተመላሽ» እየተባሉ የሚጠሩ እናቶችና አባቶች አሉ፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ስትሄዱ ስለ ፖለቲካው አትጀምሩባቸው፤ ያ ቁስል ነው። አልጋ ደጅ አውጥተው ሲያድሩ አጠገባቸው ማን ይተኛ እንደነበር፣ ዓሣ ከማን ይገዙ እንደነበር፣ አፋርኛ ከማን እንደተማሩ ጠይቋቸው። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል፤ አስፈቅዳችሁ ቅዱ።

እኔ ዘንድ አንድ ደብተር አለ። የነፋሱንና የዓሣውን ስም በአፋርኛ፣ በዐረብኛ፣ በአማርኛ ጎን ለጎን የጻፍኩበት ነው። መካከሉን ውኃ ነክቶት አራት ገጽ ያህል ጠፍቷል። የጠፉትን ስሞች የሚያውቁ አንዲት እናት አሉ፤ ካምፖ ሱዳን ዓሣ ሲሸጡ የኖሩ፣ አሁን ከእኔ ቤት ሁለት አጥር አልፎ የሚኖሩ። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ይወርዳሉ። ከማክሰኞ ጀምሮ ቤታቸው ናቸው፤ ቡና ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እንሄዳለን።