ለአዳር ተረኛ ነርሶች፦ ድካማችሁን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከሠራሁባቸው ዓመታት አብዛኞቹን ያሳለፍኩት በአዳር ነው። ከእነዚያ ሌሊቶች ሁሉ ዛሬም ከዓይኔ የማይጠፋ አንድ አለ። በተከታታይ ባደርኩበት አራተኛው ሌሊት፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ ለአንድ ታካሚ 4 ዩኒት ኢንሱሊን መቅዳት ሲገባኝ 40 ዩኒት ቀዳሁ። ሲሪንጁን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጌ ተመልክቼዋለሁ፤ ዓይኔ መስመሩ ላይ ነበር፣ አእምሮዬ ግን ያነበበው ይኖራል ብሎ ያሰበውን ነው። ታካሚውንም እኔንም ያተረፈችን አብራኝ ያደረችው አዲስ ነርስ ናት፤ ትዕዛዙን ከቻርቱ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችና «ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ አብረን እንየው» አለችኝ። በዚያች ሰዓት ደክሞሃል ወይ ብላ ብትጠይቀኝ ኖሮ አልደከመኝም ብዬ እመልስላት ነበር።

ድካም አስቀድሞ የሚወስድብን ድካማችንን የምናውቅበትን ችሎታ ነው። ለ17 ሰዓታት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ማለዳ ተነሥቶ ቀን ሳይተኛ አዳር የገባ ነርስ እዚህ ልክ ላይ የሚደርሰው ገና እኩለ ሌሊት ሳይሆን ነው። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ደግሞ የሰውነት ሙቀት ዝቅ የሚልበትና ንቃት እጅግ የሚዳከምበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በእነዚያ ሰዓታት በስሜታችሁ አትታመኑ። ኢንሱሊንን፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ሄፓሪንንና ፖታሲየምን ሁለት ሰው ሳያነበው አትስጡ፤ ለባልደረባችሁም «ደክሞኛል፣ አብረሽኝ እዪ» ማለትን ልማድ አድርጉት።

በእረፍት ሰዓት 20 ደቂቃ ያህል ማሸለብ ብዙ ይረዳል። ከዚያ ከረዘመ ግን ከጥልቅ እንቅልፍ መንቃት ራስን ስለሚያደነዝዝ፣ ከተነሣችሁ በኋላ ፊታችሁን ታጥባችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ሳትቆዩ መድኃኒት አትንኩ። የምታሸልቡትም ታካሚዎቻችሁን በስም ለሚተካችሁ ሰው አስረክባችሁ ነው። የዋርድ ኃላፊ በነበርኩበት ጊዜ ያሸለበን ነርስ እንደ ሰነፍ ቆጥሬ ተቆጥቼ አውቃለሁ፤ ዛሬም ይጸጽተኛል። ቡና የምትጠጡ ከሆነ በአዳሩ የመጀመሪያ አጋማሽ ይሁን፤ ከተጠጣ ከ5 ሰዓታት ገደማ በኋላም ግማሹ ካፌይን በሰውነት ውስጥ ስለሚቀር፣ ከንጋት በፊት የተጠጣው የቀኑን እንቅልፍ ይነካል።

የቀን እንቅልፍ ከሌሊቱ ያጠረና የሳሳ ነው፤ የማለዳ ብርሃን የአንጎልን ሰዓት ቀን ነው እያለ ይቀሰቅሰዋልና። ወፍራም መጋረጃ ያስፈልጋል። ከመጋረጃው የሚከብደው ግን የቤተሰብ ነገር ነው፦ ቀን ቤት የዋለ ሰው ሥራ የፈታ ስለሚመስል፣ እንግዳ ተቀባዩም ተላላኪውም አዳሪው ነርስ ይሆናል። የምትተኙበትን ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ቆጥራችሁ ለቤተሰባችሁ አሳውቁ። ዓይናችሁ እየተከደነም መሪ አትያዙ፤ መስኮት መክፈትና ሬዲዮ ማስጮህ እንቅልፍን አያባርሩም።

በእንቅልፍ የማይለቅ ሌላ ዝለት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በጸደቀው 11ኛ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ በርንአውት የሚባለውን ይህን ዝለት በሽታ ብሎ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ አስፍሮታል፤ መገለጫዎቹም የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅና የሥራ ውጤታማነት መቀነስ ናቸው። እኔ የምለየው ነርሷ ታካሚውን በስሙ መጥራት ትታ «7 ቁጥር» ማለት ስትጀምር ነው። ይህ ክፋት አይደለም፤ ነርስ ባነሰበትና ተራው በተዛባበት ዋርድ ለብዙ ወራት የቆየ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው። መድኃኒቱም በአብዛኛው ያለው በፕሮግራም አወጣጡ ላይ ነው፦ ተከታታይ አዳሮች ከሦስት እንዳይበልጡ፣ በሁለት ተራዎች መካከል ቢያንስ 11 ሰዓት እረፍት እንዲኖር፣ ተራውም ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከዚያ ወደ ሌሊት እንዲዞር ጠይቁ።

ስትጠይቁም በጽሑፍ ይሁን። እኔ ያን ሌሊት ለመሳሳት ምን ያህል እንደቀረብኩ በዋርዱ መዝገብ ላይ ስጽፍ «አራተኛ አዳር፣ 10 ሰዓት» የሚል አከልኩበት። ሌሎችም የየራሳቸውን በዚሁ መልክ መጻፍ ጀመሩ። ገጾቹ ሲጠራቀሙ አብዛኞቹ ላይ «አራተኛ» ወይም «አምስተኛ» የሚል ቃል ይታይ ነበር፤ በቀጣዩ ወር የወጣው ፕሮግራም ከሦስት ተከታታይ አዳር በላይ አልነበረውም።